ፍቅር ምክንያት አለው? ከሌለውስ ዋጋው ከየት ይመጣል?

ጥያቄ_አለኝ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ፍትሕ ለምን ይበጃል ብትሉኝ መልስ አላጣም። እውነትም፣ ነጻነትም እንደዚያው። ፍቅርን ግን ሁላችንም ከእሴቶች ሁሉ አናት ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ደግሞ እንንተባተባለን።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ አሳቢ ፓስካል ነው። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1670 በታተሙት ማስታወሻዎቹ ውስጥ አንዲት አጭር አንቀጽ አለች። ሰውን ስለ መልኩ የሚወድ በእርግጥ ያንን ሰው ይወዳል? ብሎ ይጠይቅና አይወድም ይላል። ፈንጣጣ መልክን አጥፍቶ ሰውየውን በሕይወት ሊተወው ይችላል፤ መልኩ ሲሄድ ፍቅሩም ይሄዳል። እሺ፣ ስለ ማስተዋሌ ወይም ስለ ትውስታዬ ቢወደኝስ? እነሱንም ቢሆን እኔ ሳልጠፋ ላጣቸው እችላለሁ። ስለዚህ የምንወደው ባሕርያትን እንጂ ሰውን አይደለም ብሎ ይዘጋዋል።

ከዚህ መውጫ ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው «ፍቅር ምክንያት አለው» ማለት ነው፦ ደግነቷ፣ ጨዋታዋ፣ አስተዋይነቷ። ያኔ ግን በደግነትም በጨዋታም የምትበልጣት ስትገኝ ልቤን ወደዚያ ማዛወር ይገባኛል ማለት ነው፤ ይህን የሚያደርግን ሰው ደግሞ አፍቃሪ ብሎ የሚጠራው የለም። ሁለተኛው «ፍቅር ምክንያት የለውም» ማለት ነው። ያኔ ፍቅር እንደ ጉንፋን የሚይዝና የሚለቅ ነገር ይሆናል። ጉንፋንን ማን እሴት ብሎ ያውቃል? የቱ ይሻላል ትላላችሁ?

የማታ_አንባቢ፦

ጥያቄው ከፓስካል ይቀድማል። አፍላጦን «ሲምፖዚየም» በተባለው ድርሰቱ ዲዮቲማ የተባለች ሴት ሶቅራጥስን ስለ ፍቅር መሰላል ስታስተምረው ያሳየናል። አፍቃሪው ከአንድ ውብ ገላ ይጀምራል፤ ከዚያ ውበቱ በሁሉም ገላ ላይ አንድ መሆኑን ያያል፤ ከገላ ወደ ነፍስ፣ ከነፍስ ወደ ሕግና ወደ ሥርዓት፣ ከዚያ ወደ ዕውቀት፣ በመጨረሻም ወደ ውበት ራሱ ይወጣል። የመጀመሪያው ሰውስ? መወጣጫ ነበር፤ ታልፏል። ግሪጎሪ ቭላስቶስ በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አፍላጦንን የወቀሰው በዚህ ነው። እዚያ የሚወደደው በሰውየው ላይ የሚታየው መልካም ነገር ብቻ ነው፤ መላው ሰው ከነጉድለቱ የሚወደድበት ቦታ የለም።

ግን አፍላጦን የዋህ አልነበረም። ብዙ አንባቢ የሚዘለውን ነገር እዚያው ድርሰት ውስጥ አስቀምጧል። ከሶቅራጥስ በፊት ከተናገሩት አንዱ ቀልደኛው አሪስቶፋነስ ነው። በእሱ ተረት የጥንት ሰዎች ክብ ነበሩ፤ አራት እጅና አራት እግር ነበራቸው። ዜውስ ለሁለት ሰነጠቃቸው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ግማሹን ፍለጋ ይዞራል። ልብ በሉ፣ የሚፈለገው የተሻለ ግማሽ አይደለም፣ የራስ ግማሽ ነው። ሶቅራጥስ ሲጨርስ አሪስቶፋነስ አንድ ነገር ሊል ሲል በሩ ተንኳኳ፤ ሶቅራጥስን የሚያፈቅረው አልኪቢያደስ ሰክሮ ገባ። ስለ ፍቅር ተናገር ቢሉት ስለ ሶቅራጥስ ተናገረ። ይህን ሰው የሚመስል ከጥንቶቹም ካሁኖቹም አይገኝም አለ።

ማርታ ኑስባውም በ1986 መጽሐፏ ይህን እንደ ምርጫ አንብባዋለች፦ ሁለቱ የፍቅር ዓይነቶች፣ የመሰላሉና የአልኪቢያደስ፣ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ አንዱን የመረጠ ሌላውን ያጣል። እኔን ግን ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ አሪስቶፋነስ አፉን ከፍቶ መቅረቱ ነው። ሁለት ሺህ ምናምን ዓመት ሙሉ እሱ ሊለው የነበረውን እየገመትን ነው፤ የጥያቄ_አለኝ ጥያቄም ያው ግምት ነው።

ሹፌሩ፦

ይህን ሁሉ ምን አስለፋችሁ? ጀርመናዊው ፈላስፋ ሾፐንሃወር በ1844 ጨርሶታል። ፍቅር ዘር ራሱን ለመቀጠል ግለሰቡን የሚያታልልበት ዘዴ ነው ብሏል፤ አፍቃሪው የራሱን ደስታ የሚያሳድድ ይመስለዋል እንጂ ተላላኪ ነው። የዘመኑ ሳይንስ ደግሞ ኬሚካሉን ነገረን፦ ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን። በሣር ሜዳ የሚኖሩ የአይጥ ዘመዶች አሉ፤ ወንዱና ሴቷ ተጣምረው ይኖራሉ። ተራራ ላይ የሚኖሩት የቅርብ ዘመዶቻቸው ግን አይጣመሩም። አንጎላቸው ሲታይ የእነዚህ ሆርሞኖች ተቀባዮች የተሰራጩበት ቦታ ይለያያል። ጉንፋን ያልከው ወዳጄ፣ ተቃርበሃል።

ቀለም_ቀንድ፦

ሹፌሩ፣ አንድ ነገር ከየት እንደመጣ መንገርና ምን ዋጋ እንዳለው መንገር ለየቅል ናቸው። ሒሳብ የምታሰላበት አንጎልም የሚሠራው በኬሚካል ነው፤ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ግን ኬሚካሉ አይወስነውም። ደግሞ ሾፐንሃወር የተናገረው ስለ ወንድና ሴት ፍላጎት ነው። ላሳደገችህ አሮጊት ያለህ ፍቅር የትኛውን ዘር ይቀጥላል?

ሹፌሩ፦

ለአሮጊቷም ማብራሪያ አይጠፋላትም፣ ቂቂቂ።

ዝምተኛዋ፦

አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ አልጽፍም። ፓስካል «ትውስታ» ያለው ግን ነካኝ። እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት። ፓስካል በሐሳቡ የነጠቀውን እሷ በእውን ተነጥቃለች። ጨዋታዋ ሄዷል፣ ቁጥብነቷ ሄዷል፣ ሰው አክባሪነቷም ሄዷል። ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ነበረች፤ ዛሬ ትሳደባለች። የምወደው ባሕርያቷን ነበር ከተባለ ፍቅሬ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። «ከወደዱ ከነ ንፍጡ» ይባል የለ?

ግን እንዳታሳምሩብኝ። የምወደው ይህችን ሴት ነው ወይስ የድሮዋን? አንዳንድ ቀን መለየት ያቅተኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም አይሰማኝም። አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ አስተኛታለሁ፤ ውስጤ ግን ባዶ ነው። ፈላስፎቹ ስለዚህኛው ቀን የሚሉት ካለ መስማት እፈልጋለሁ። የውብ ገላውና የመሰላሉ ነገር ለኔ ሩቅ ነው።

ጥያቄ_አለኝ፦

እህቴ፣ እግዜር ያበርታሽ። ቅር ካላለሽ ልጠይቅሽ፦ በዚያ ባዶ ቀን የምታደርጊው ፍቅር ነው ወይስ ግዴታ? ሁለቱን ካልለየን ክብሩ ለየትኛው እንደሚገባ አናውቅም።

ሐተታ_ወዳድ፦

ልጄ ዝምተኛዋ፣ ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላት። እስቲ እኔ ልሞክር።

ካንት በ1785 በጻፈው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ስሜት በትእዛዝ አይመጣም ይላል። ውደድ ቢሉት ልብ አይሰማም። ሊታዘዝ የሚችለው የፈቃድ ፍቅር ነው፤ ስሜቱ ባይኖርም፣ እንዲያውም ጥላቻ ወደ ኋላ ቢጎትትም በጎ ማድረግ። በእሱ ሚዛን ያንቺ ባዶ ቀን ከሞላው ቀን አያንስም። ኪርከጋርድ ደግሞ በ1847 ከዚህ አልፎ ሄደ። ከመለወጥ የሚድነው ግዴታ የሆነው ፍቅር ብቻ ነው፤ በስሜት ላይ ብቻ የቆመው ወደ ጥላቻም ሊዞር፣ በልማድም ሊደነዝዝ ይችላል አለ። እኔ ኪርከጋርድን አደንቀዋለሁ፣ እፈራዋለሁም። ትእዛዙ ለባልንጀራ ሁሉ እኩል ስለሆነ፣ አንዷን ከሌላው ለይቶ መውደድ የተደበቀ ራስን መውደድ መስሎ ይታያል። ባሏ እንደማንኛውም ባልንጀራ የሚወዳት ሚስት ምን ትል ይሆን?

ካንት ዘንድ ግን የፓስካልን ቋጠሮ የሚያላላ ሌላ ነገር አለ። ዋጋ ያለው ነገር በአቻው ይተካል፤ ከዋጋ ሁሉ በላይ የሆነና አቻ የማይገኝለት ነገር ግን ክብር አለው። ሰው እንዲህ ያለ ነው። ዴቪድ ቬለማን በ1999 ይህን ይዞ ተነሣ። ፍቅር ማለት ያንን አቻ የለሽ ክብር በአንድ ሰው ላይ አይቶ፣ ራሳችንን ከሰው የምንከላከልበትን ጋሻ መጣል ነው አለ። ሳቋ፣ አረማመዷ፣ አነጋገሯ ክብሯ የሚገለጥባቸው ምልክቶች ናቸው። የተሻለ ሳቅ ያላት ስትመጣ የማትለውጣት ለዚህ ነው፤ ማወዳደር ዋጋ ላለው ነገር እንጂ ክብር ላለው አይሆንም።

በነገራችን ላይ በዘርዓ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው ሐተታ ውስጥ ባለታሪኩ ሚስቱን ኂሩትን መልከ መልካም አልነበረችም፣ ግን ጠባየ መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች ይላል። ያገባትም አገልጋይ ሆና ሳለ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ ነው። የድርሰቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር ሌላ ቀን ይምጣ። እዚህ ላይ የምፈልገው ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ነው። ባሕርያቷን ይቆጥራል፤ እኩልነቷን ግን በባሕርያቷ ላይ አላቆመውም።

የማታ_አንባቢ፦

ጋሼ፣ አጻጻፍዎ ደስ ይላል፤ ቬለማን ላይ ግን እጋጫለሁ። ያ ክብር በሁሉም ሰው ላይ እኩል ካለ፣ ይህችን እንጂ ከአጠገቧ የተቀመጠችውን ያልወደድኩት ለምንድን ነው? እሱ የሰው ዓይን ውስን ስለሆነ ነው፣ ክብሩ ፍንትው ብሎ የሚታየን በጥቂት ሰዎች ላይ ነው ይላል። ለእኔ ይህ ከጥያቄው መሸሽ ነው።

ሃሪ ፍራንክፈርት በ2004 ነገሩን ገልብጦታል። ልጆቼን የምወዳቸው ዋጋቸውን መዝኜ አይደለም፤ በኔ ዘንድ ያን ያህል ዋጋ ያገኙት ስለምወዳቸው ነው ይላል። ፍቅር ቀድሞ ለነበረ ዋጋ የሚሰጥ ምላሽ ሳይሆን ዋጋን የሚፈጥር ነው ማለት ነው። ለእሱ የመውደድ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፦ ምንም የማይወድ ሰው ለራሱ ሲል የሚከተለው ግብ አይኖረውም፤ የሚያደርገው ሁሉ ለሌላ ነገር መሣሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ ለአባትና ለልጅ እውነት ይመስለኛል። ለሌላው ግን ያሰጋል። ፍቅር ዋጋን ከባዶ የሚፈጥር ከሆነ አምባገነንን የሚያመልክ ሰውም ፈጥሯል፤ ተሳስተሃል የምንልበት መሠረት አይኖረንም።

ኒኮ ኮሎድኒ በ2003 የተሻለ መካከለኛ ያገኘ ይመስለኛል። የፍቅር ምክንያቱ ግንኙነቱ ራሱ ነው፦ እናቴ መሆኗ፣ ወዳጄ መሆኑ፣ አብረን ያሳለፍነው ታሪክ። ሳቋን የምትበልጥ ብትመጣ ያ ታሪክ የላትም። ዝምተኛዋ «ይህችን ነው ወይስ የድሮዋን» ብላ ለጠየቀችው መልስ የሚቀርበውም ይኸኛው ነው፤ ታሪኩ የአንዲት ሴት ነው፣ በሽታው ለሁለት አልከፈለውም። ጎዶሎው መጀመሪያው ላይ ነው። ታሪክ ገና ሳይኖር ሁለት ሰዎች ለምን እንደተዋደዱ አይነግረንም።

በዳኛ_አምላክ፦

ሁላችሁም ስለ ሁለት ሰዎች ነው የምታወሩት። ሦስተኛው ሰውስ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ቻይና ውስጥ ሞዚ የተባለ አሳቢ ነበር። ጦርነትና ሌብነት የሚመጣው ሰው የራሱን አገርና የራሱን ቤት ብቻ ስለሚወድ ነው አለ። የሌላውን አገር እንደራስህ ብታይ ማን ማንን ይወርራል? ያለ አድልዎ ለሁሉም ማሰብ ይገባል ብሎ አስተማረ። በሚቀጥለው መቶ ዘመን የተነሣው የኮንፊዩሺየስ ተከታይ ሜንሲየስ ደግሞ ይህ አባትን እንደመካድ ነው ብሎ ተቆጣ። ለኮንፊዩሺየስ ተከታዮች ፍቅር ከቤት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚሰፋ ነው።

ይኸው ጠብ በዘመናችንም ተመልሷል። በርናርድ ዊሊያምስ በሥነ ምግባር ጽሑፎቹ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለው። ሰዎች ውሃ ሲወስዳቸው አንዱን ብቻ ማዳን የሚችል ባል ሚስቱን ያወጣል። ሲያወጣት «ሚስቴ ናት፤ ደግሞም እንዲህ ባለ ሁኔታ ሚስትን ማዳን ይፈቀዳል» ብሎ ካሰበ አንድ ሐሳብ አብዝቷል ይላል ዊሊያምስ። «ሚስቴ ናት» በቂ መሆን ነበረበት። እኔም እስማማለሁ፣ ውሃው ዳር ድረስ። ያው ሰው በማግስቱ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ወይም ለሥራ የሚቀጠሩትን ሲመርጥ፣ «ወንድሜ ነው» በቂ ምክንያት እንዲሆንለት አልፈልግም። ፍቅርን የእሴቶች ሁሉ አናት ላይ ስታስቀምጡ ፍትሕን ከሥሩ እያስገባችሁ መሆኑን አስቡበት። በእኔ እምነት ሁለቱ አንዱ በሌላው አይለኩም፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ፍቅርህ አይጠፋም፣ ድምፅ ግን የለውም።

ሹፌሩ፦

ዳኛው የልቤን ተናገረ። እኔ ልጨምርበት። ሚስቱን የሚደበድበው ቅናተኛም «እወዳታለሁ» ነው የሚለው፤ ደግሞ አይዋሽም። ኒቼ በ1882 ሰው ፍቅር ብሎ በሚጠራው ውስጥ የባለቤትነት ጥማት አለ ብሏል፤ አፍቃሪ ተፈቃሪዋን ለብቻው ይዞ ዓለምን ሁሉ ከእሷ ማራቅ ይፈልጋል። እንግዲህ ፍቅር ኃይል ነው በሉ፣ እቀበላለሁ። እሴት ነው ግን አትበሉ።

ወለላ፦

የቅናተኛውን ነገር አልፈህ አትሂድ ሹፌሩ፣ ቁልፉ እዚያ ነው። ያ ሰው ሚስቱን አያያትም። የሚያየው ፍርሃቱን ነው፤ ስትስቅ ለሌላ የሳቀች፣ ስትዘገይ የከዳች ይመስለዋል። ስሜቱ ብርቱ ነው፣ አልክድም። ግን የስሜት ብርታት የፍቅርን ዋጋ ይለካል ያለው ማን ነው?

አይሪስ መርዶክ በ1970 በታተመው መጽሐፏ ውስጥ የአማትና የምራት ምሳሌ አላት። አማቲቱ ልጇ ያገባትን ሴት ትንቃታለች፦ ጨዋነት የጎደላት፣ ተራ፣ ልጅነቷን ያልጨረሰች። ግን የታነጸች ሴት ናትና በአድራጎቷ ምንም አታሳይም። ከዚያ መርዶክ ነገሩን ለማጥበቅ ምራቲቱን ሩቅ አገር ትልካታለች ወይም ትገድላታለች፤ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በአማቲቱ ልብ ውስጥ ብቻ ነው። አማቲቱ ለራሷ እንዲህ ትላለች፦ እኔ ያረጀ አስተሳሰብ ያለኝ፣ ምናልባትም የምቀና ሴት ነኝ፤ እስቲ እንደገና ልያት። ደጋግማ በትኩረት ስታስባት ተራ ያለቻት ሴት ያልተወሳሰበች፣ ልጅነቷን አልጨረሰችም ያለቻት ሴት ደስ የሚል ወጣትነት ያላት ሆና ትታያታለች። የተለወጠ ድርጊት የለም፤ ግን ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። መርዶክ ፍቅር የምትለው ይህንን ነው፤ ከራሳችን ውጭ ያለ ሰው በእርግጥ መኖሩን የማወቅ ከባድ ሥራ። ትኩረት የሚለውን ሐሳብ የወሰደችው ከፈረንሳዊቷ አሳቢ ከሲሞን ቬይ ነው።

«ፍቅር እውር ነው» የሚባለውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የመርዶክ አማት አሳማኝ የምትሆነው ፍቅር ስላሳወራት ሳይሆን ከንቀቷ ዕውርነት ስላወጣት ነው። ደካማ ጎኑንም አልደብቅም፦ አማቲቱ ራሷን አታልላ ቢሆንስ? የሚደበደብ ሰው ደብዳቢውን «በፍቅር ዓይን» እያየ ለዓመታት ይኖራል። መርዶክ ዓይኑ አፍቃሪ ብቻ ሳይሆን ፍትሐዊም መሆን አለበት ትላለች፤ እኔ ሳነብ ፍትሐዊ የሚለው ቃል ላይ ነው የማሰምረው። ለዳኛውም መልስ የሚሆን ይመስለኛል፤ ወንድምህን በትክክል ካየኸው ለቦታው እንደማይበቃም ታያለህ።

በዳኛ_አምላክ፦

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጥሩ ነው። በተግባር ግን ወንድሙን እንዲህ የሚያይ አላጋጠመኝም።

ሹፌሩ፦

መርዶክ አልከፋችም፣ ሴትየዋ ታስባለች። አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። የማይመለስ ፍቅርስ? ሌላው ወገን የማይወድህ፣ ወይም የማያውቅህ ከሆነ ዋጋው የት ነው?

የማታ_አንባቢ፦

አርስጣጣሊስ ለኒቆማኮስ በተሰየመው ሥነ ምግባሩ ስምንተኛ መጽሐፍ ላይ ይህን ነክቶታል። ወዳጅነት ከመወደድ ይልቅ መውደድ ላይ ነው ይልና እናቶችን ይጠቅሳል። አንዳንድ እናቶች ልጃቸውን ሌላ ሰው እንዲያሳድገው ይሰጣሉ፤ ልጁ እናቱ መሆኗን ስለማያውቅ የሚገባትን ባይመልስላትም፣ ደኅና መሆኑን ካዩ ይበቃቸዋል፣ መውደዳቸውን አይተዉም። መመለስ የሁለት ሰዎችን ወዳጅነት ይሠራል፤ የመውደድን መልካምነት ግን አይሠራውም ማለት ነው።

ዝምተኛዋ፦

አርስጣጣሊስ እናቶቹን የጠየቃቸው አይመስለኝም። ይበቃቸዋል? እኔ ያለሁት በተገላቢጦሹ ነው፣ የማትታወቀው ልጅ ነኝ፤ አይበቃኝም። መታወቅ እፈልጋለሁ። ባለመታወቄ ፍቅሬ ቀነሰ ማለቴ አይደለም፤ ግን ምንም አልጎደለም የሚል ሰው ይዋሻል።

ቀደም ብሎ ፍቅር ነው ወይስ ግዴታ ለተባልኩትም፦ በባዶው ቀን ሳጥባት ውሃው እንዳይበርዳት በእጄ እለካለሁ፣ ልብሷን ስቀይር የቀኝ ትከሻዋ ስለሚያማት ከግራ እጀምራለሁ። ግዴታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታጥባለች አልታጠበችም ነበር ጥያቄው። ወለላ ያለችው ትኩረት ለኔ ከስሜቱ በፊት የሚመጣ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ስሜቱ ተከትሎ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። መታወቅ መፈለግንና ሳይታወቁ መውደድን አብሮ የሚይዝ ፈላስፋ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ አነባለሁ።

የማታ_አንባቢ፦

ሮበርት ኖዚክ በ1989 የጻፈውን ሞክሪው። ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ «እኛ» የሚባል አዲስ ነገር ይመሠርታሉ፤ በአንዱ ላይ የደረሰ በሌላው ላይ ይደርሳል፤ የተሻለ ተገኘ ብለው የማይለዋወጡትም ያንን ማፍረስ ራስን ማፍረስ ስለሚሆን ነው ይላል። እሱ የጻፈው በዋናነት ስለ ባልና ሚስት ፍቅር ነው፤ «እኛ»ውንም ሁለቱም ያውቁታል፣ ሌላው እንዲያውቀውም ይፈልጋሉ። አንዱ ወገን የረሳው «እኛ» አለ ወይስ የለም ለሚለው መልሱን ከሱ አትጠብቂ። እኔ አለ ባይ ነኝ፤ ባይኖር ኖሮ አለመታወቅሽ እንዲህ አይጎድልሽም ነበር። ሹፌሩ ይህንንም በሆርሞን እንደሚያስረዳኝ ይገባኛል፣ ይሞክር።